በገና በላፕቶፕ ለሚያዳምጥ ሰው፦ የአፕል ትንሿ አዳፕተር፣ አንድ ሄድፎንና ነፃ ኢኳላይዘር

የላፕቶፕን ድምፅ ለመፈተን ዘፈን አይበቃም። በገና አጫውቱበት። ዘፈን ላይ ድምፃዊው ጎልቶ ስለሚወጣ ጆሯችን እሱን ይዞ የቀረውን ይተወዋል። በገና ግን የሚደበቅበት የለውም። አሥር አውታር፣ አንድ የሰው ድምፅ፣ በመሐል ብዙ ጸጥታ ነው። አውታሩ በርኩማው ላይ በሚያርፍበት ቦታ የምትገባው ቁራጭ ቆዳ፣ እንዚራ የምንላት፣ አውታሩ በተደረደረ ቁጥር እየነካችው ያንን የምናውቀውን ንዝረት ታወጣለች። ከሥር ወፍራሙ የአውታር ድምፅ አለ፣ ከላይ የእንዚራው ንዝረት አለ። ሁለቱ አንድ ላይ ካልተሰሙ በገናው በገና አይመስልም።

ላፕቶፕ ሁለቱንም ያጎድላል። ስፒከሮቹ ትንንሽ ስለሆኑ ከ200 ኸርዝ በታች ያለውን ድምፅ አብዛኞቹ በወጉ አያወጡትም (ኸርዝ የድምፅ ቅጥነትና ውፍረት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ድምፁ ይወፍራል)። የወንድ ሰው ንግግር መነሻው 100 ኸርዝ አካባቢ ነው፤ የበገናም ወፍራም አውታሮች የሚውሉት እዚያው ታች ነው። ጆሮ ከላይ ከሚሰማው ተነሥቶ የጎደለውን ታች ለራሱ ስለሚሞላው ዜማው ይገባናል። አካሉ ግን የለም። በዚሁ ላፕቶፕ ማሲንቆ ብታጫውቱ ግን ደስ ይላል። የማሲንቆ አውታር አንድ ናት፣ የፈረስ ጭራ ናት፤ ድምፁም መሐል ላይ ስለሚውል ትንሿ ስፒከር ትችለዋለች። ብዙ ሰው «የኔ ላፕቶፕ ድምፁ አሪፍ ነው» የሚለው ማሲንቆ፣ ክራርና ዋሽንት ሰምቶበት ይመስለኛል። ከበሮ ሲመታ፣ ቤዝ ጊታር ሲገባ፣ በገና ሲደረደር ያን ጊዜ ይለያል።

የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ቀን አስተምራለሁ፤ ማታ ማታ በገና እማራለሁ። ትምህርቱ በጆሮ የሚያዝ ስለሆነ መምህራችን ሲደረድሩ በፈቃዳቸው እየቀረጽኩ ወደ ቤት እወስዳለሁ፤ የትኛው ጣት የትኛውን አውታር እንደነካ እስክለይ ድረስም ደጋግሜ እሰማለሁ። ሁለት ጎረቤት አውታሮችን መለየት ካልቻልኩ ያ ቅጂ ምንም አይጠቅመኝም። የድምፅ ጥራትን ነገር እንዲህ አጥብቄ የያዝኩት ለዚህ ነው። ገንዘብና ጊዜ አውጥቼ ውጤት ያየሁባቸውን ነገሮች ልንገራችሁ።

መጀመሪያ አዳፕተሯ። አፕል የሚሠራት፣ በአንድ በኩል ዩኤስቢ ሲ፣ በሌላ በኩል የኢርፎን ቀዳዳ ያላት ጣት የምታክል ነጭ ገመድ ናት። አሜሪካ ውስጥ የምትሸጠው በ9 ዶላር ነው። የእኔን የአክስቴ ልጅ ለበዓል ስትመጣ ይዛልኝ መጣች። ሰው ሲያያት ተራ መቀጠያ ትመስለዋለች፤ ነገር ግን ዲጂታሉን ፋይል ወደሚሰማ ድምፅ የምትቀይር ቺፕ ውስጧ አለች። ላፕቶፕ ላይ ስትሰኩ የላፕቶፑ የራሱ የድምፅ ቺፕ ከሥራ ይወጣል፤ እሷ ትተካዋለች። ድራይቨር መጫን የለም፣ ፕሮግራም የለም። ዊንዶውስ ወዲያው ያውቃታል፤ እስከ 24 ቢት፣ 48 ሺህ ኸርዝ ትሠራለች፤ እነዚህ እዚህ ላይ የዲጂታል ድምፅ ጥራት መለኪያዎች ናቸው። ከዚያ በላይ አትሄድም። ለመስማት ከዚያ በላይ የሚያስፈልግ አይመስለኝም፤ ሲዲ ራሱ 16 ቢት፣ 44.1 ሺህ ኸርዝ ነው።

ለምን ለውጥ ታመጣለች? የእኔ ላፕቶፕ ሁለተኛ እጅ የተገዛ ነው። ኢርፎን በራሱ ቀዳዳ ሲሰካበት ከጀርባ የማያቋርጥ «ሽሽሽ» የሚል ድምፅ አለው። ማውስ ሳንቀሳቅስ ቀጭን ጩኸት ይጨመርበታል፤ ፋይል ሲከፈት «ትክ ትክ» ይላል። ዘፈን ላይ ይሄ ሁሉ ተሸፍኖ ያልፋል። በገና ላይ፣ ደርዳሪው አንዱን ስንኝ ጨርሶ ወደ ሚቀጥለው ሳይገባ የሚተዋት ጸጥታ ውስጥ ግን ቁልጭ ብሎ ይሰማል። የላፕቶፑ የድምፅ ክፍል ከፕሮሰሰሩ፣ ከፋኑና ከባትሪ መሙያው ጋር በአንድ ጠባብ ቦርድ ላይ ስለሚኖር የእነሱ ኤሌክትሪክ ይበክለዋል። አዳፕተሯ ሥራውን ከዚያ ሁካታ አውጥታ ውጪ ትሠራዋለች።

የሰማሁትን ላስረዳ። ከመምህራችን ቅጂዎች አንዱ መግቢያው ላይ ቃል የለውም፤ አውታሮቹ ብቻ ናቸው የሚደረደሩት። በላፕቶፑ ቀዳዳ ስሰማው አንድ የተያያዘ ጉርምርምታ ነበር። በአዳፕተሯ ስሰማው ጣቱ አውታሩን ሲለቅ ያለችው ጫፍ ተለይታ መጣች፤ ከዚያ የእንዚራው ንዝረት ተነሣ፣ ቀስ እያለ እየሳሳ ሄደ፣ ሳያልቅ ሌላው አውታር ደረሰበት። ማለቂያዋን ነው በፊት የማላውቃት። ድሮ ንዝረቱ እየሳሳ ሲሄድ ሽሽታው ውስጥ ይሰምጥ ነበር። አሁን እስከ መጨረሻው ተከትሎ መሄድ ይቻላል። ለተማሪ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ አውታር መቼ እንደሚተው፣ መቼ በጣት እንደሚያዝ የሚታወቀው እዚያ ላይ ነውና።

ሄድፎኑን ለመምህራችንም ሰጥቻቸው ነበር። ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው ሰሙትና «ልጄ፣ ይቺ አራተኛዋ እንዚራ ላልታለች፤ ያን ቀን አላስተዋልኳትም» አሉኝ። «እርስዎ እንዲህ ካሉማ እኔም ልሰማት ይገባኛል» ብዬ መልሼ ሰማሁ። እውነትም ትለያለች፤ ከጎረቤቶቿ ይልቅ ደረቅ ያለ ድምፅ አላት።

ማሳሰቢያ ልጨምር። ከውጭ እሷኑ የሚመስል፣ ውስጡ ግን ሌላ የሆነ ዕቃ በየሱቁ ሞልቷል። ከሱቅ የምትገዙ ከሆነ ላፕቶፕ ይዛችሁ ሂዱ፤ ሰክታችሁ ጸጥ ያለ ቅጂ አጫውቱባት። ሽሽታ ካለ ተዉት። ደግሞ እውነተኛዋም ሁለት ዓይነት ናት፦ የአሜሪካዋ ሞዴል ኤ2049 አንድ ቮልት ታወጣለች፣ የአውሮፓዋ ኤ2155 ግማሹን። ለትንንሽ ኢርፎን ልዩነት የለውም፤ ከበድ ላለ ሄድፎን የአሜሪካዋ ትሻላለች። ከውጭ የሚያመጣላችሁ ዘመድ ካለ ከየት አገር እንደሚገዛ ጠይቁ። ሽቦዋ ቀጭን ስለሆነች ላፕቶፑን ስዘጋ ሁልጊዜ ነቅዬ በትንሽ ቆርቆሮ ሣጥን አስቀምጣታለሁ። ዩኤስቢ ሲ የሌለው የቆየ ላፕቶፕ ያላችሁ ደግሞ ከተለመደው ሰፊ ዩኤስቢ ወደ ዩኤስቢ ሲ የሚቀይር መቀጠያ መጨመር ይኖርባችኋል።

ሄድፎኔ አውዲዮ ቴክኒካ ኤቲኤች ኤም20ኤክስ ነው። ጆሮን ሙሉ ለሙሉ ሸፍኖ የሚዘጋ ዓይነት ነው፤ ኤሌክትሪክን የመቋቋም ልኩ 47 ኦም ብቻ ስለሆነ አዳፕተሯ ሳትቸገር ትነዳዋለች። ገመዱ 3 ሜትር ነው፣ ከሄድፎኑም አይነቀልም። ለመንገድ አይሆንም፤ ጠረጴዛ ላይ ለሚሠራ ሰው ግን ይመቻል፣ ላፕቶፑ ከወዲያ ሆኖ በገናውን ታቅፎ መቀመጥ ይቻላል። ታቹ ጠንካራ ነው፣ ላዩ ትንሽ ለስለስ ይላል። ያንን በኢኳላይዘር፣ ማለትም ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ ለየብቻ ከፍ ዝቅ በሚያደርግ ፕሮግራም፣ አስተካክለዋለሁ፤ እመጣበታለሁ። ስለ ደብረ ብርሃን ደግሞ አንድ ነገር ልበል፦ 2800 ሜትር ላይ ባለ ከተማ የጥቅምትና የኅዳርን ማታ የሚያውቅ ሰው ጆሮ የሚሸፍን ሄድፎን ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። የውጪውንም ድምፅ፣ የባጃጁንም የውሻውንም፣ ደኅና አድርጎ ይቀንሳል።

አዳፕተርና ሄድፎን መግዛት ለማይችል፣ በተለይ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቻችን፣ ትልቁ ስጦታ ነፃው ፕሮግራም ነው። ኢኳላይዘር ኤፒኦ ይባላል። ለዊንዶውስ የተሠራ ነው፤ ክፍያም ማስታወቂያም የለውም። አንድ ጊዜ ከተጫነ በኋላ ከላፕቶፑ የሚወጣውን ድምፅ ሁሉ፣ ብሮውዘሩንም ቪኤልሲውንም፣ ያስተካክላል። በራሱ ሲከፈት የጽሑፍ ትእዛዝ የበዛበት ስለሚመስል ሰው ይሸሸዋል። ፒስ የሚባለውን ተጨማሪ ከጫናችሁበት ግን እንደ ድሮ ቴፕ ወደ ላይ ወደ ታች የሚሳቡ ዘንጎች ይመጡላችኋል።

አጫጫኑ ላይ ሁለት ነገር ልብ በሉ። ሲጫን የትኛው የድምፅ መውጫ ላይ እንደሚሠራ ይጠይቃል፤ የምትጠቀሙበትን ምረጡ፣ ከዚያ ላፕቶፑን አጥፍታችሁ አብሩ። የድምፅ ድራይቨር ሲታደስ ምርጫው ሊጠፋ ስለሚችል፣ አንድ ቀን በድንገት ድምፁ ወደ ድሮው ከተመለሰባችሁ እዚያው ገብታችሁ እንደገና መምረጥ ነው። ሌላው፣ ከሁሉ የሚበልጠው፣ ጠቅላላውን ድምፅ ከፍ ዝቅ የምታደርገው ፕሪአምፕ የምትለዋ ዘንግ ናት። የትኛውንም ድምፅ በ4 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው) ከፍ ካደረጋችሁ ፕሪአምፑን በ4 ዴሲቤል ዝቅ አድርጉ። ይህ ካልሆነ ድምፁ ከጣሪያው ያልፍና ይሰነጠቃል። ባስ ጨምረው «ተበላሸ» የሚሉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚቸገሩት በዚህ ነው። የቀነሳችሁትን በቮልዩም መመለስ ትችላላችሁ።

የእኔን አቀማመጥ ልንገራችሁ፤ እንደ ጆሯችሁ አሻሽሉት። ለኤም20ኤክስ 150 ኸርዝ አካባቢ 2 ዴሲቤል ዝቅ፣ 3 ሺህ ኸርዝ አካባቢ 2 ዴሲቤል ከፍ፣ ፕሪአምፕ 2 ዴሲቤል ዝቅ። ታቹ ሲቀል የወንዱ ድምፅና ወፍራሙ አውታር ይለያያሉ፤ እንዚራውም ወደ ፊት ይመጣል። ለላፕቶፑ ለራሱ ስፒከር ግን ሌላ ነው። እዚያ ላይ ባስ ከመጨመር ይልቅ ከ120 ኸርዝ በታች ያለውን ጨርሶ ቆርጬ እጥላለሁ። ስፒከሯ ያን ድምፅ ልታወጣው አትችልም፤ ስትሞክር ትንቀጠቀጣለች፣ መሐሉንም ታበላሻለች። ከሸክሟ ከተገላገለች በኋላ 300 ኸርዝ አካባቢ 3 ዴሲቤል ብትጨምሩላት፣ ፕሪአምፑን በዚያው ልክ ዝቅ አድርጋችሁ፣ የሚገርም ሙቀት ይመጣል። በገና ባይሆንም ለንግግር፣ ለስብከት፣ ለማሲንቆ ደኅና ነው። ፕሮግራሙ ለእያንዳንዱ መውጫ የተለየ አቀማመጥ መያዝ ስለሚችል አዳፕተሯን ስሰካ አንዱ፣ ስነቅል ሌላው በራሱ ይሠራል።

ይህን ከማድረጋችሁ በፊት ግን ፋብሪካው አስቀድሞ የጫነውን «ማሻሻያ» አጥፉት። ላፕቶፑ የራሱ የድምፅ ፕሮግራም ካለው እዚያ ገብታችሁ ዝጉት፤ የዊንዶውስ ሳውንድ ሴቲንግ ውስጥ ያለውን ኢንሃንስመንትስ ግን ጨርሶ አትዝጉት፣ ኢኳላይዘር ኤፒኦንም አብሮ ያጠፋዋልና። እነዚህ ለፊልም ታስበው የተሠሩ ናቸው፦ ዝቅ ያለውን ከፍ፣ ከፍ ያለውን ዝቅ ያደርጋሉ። በገና ላይ የሚሳሳው ንዝረት መልሶ ሲያብጥ መስማት በጣም ያስጠላል።

ላፕቶፕ አልጋ ላይ ለምታስቀምጡም። የብዙዎቹ ስፒከር ያለው ከሥር ነው። የከተማችን ብርድ ልብስ ወፍራም ነው፤ ላፕቶፑ እሱ ላይ ሲቀመጥ ድምፁ ይታፈናል፣ ፋኑም አየር ያጣል። እንጨት ጠረጴዛ ወይም ጠንካራ ሽፋን ያለው ሰፊ መጽሐፍ ከሥሩ አድርጉ። ልዩነቱ ወዲያው ይሰማችኋል፣ ምንም አያስወጣም።

ወደ ፋይሉ ስንመጣ፣ እዚህ ላይ እውነቱን መናገር አለብኝ፤ ፋይሉ ካልሆነ አዳፕተርም ሄድፎንም አያድነውም። እኛ ጋ መዝሙርና ዘፈን የምናገኘው ባብዛኛው ከቴሌግራም ነው፣ ወይም ጠባሴ አካባቢ ፍላሽ ሰጥተን እናስጭናለን። ሲዲ በሰከንድ 1411 ኪሎቢት ይይዛል፤ ኤምፒ3 ቢበዛ 320፣ ብዙውን ጊዜ 128 ነው። ጥሩ 320 ከሲዲ ለመለየት አስቸጋሪ ነው። ችግሩ 128 የነበረውን ሰው ወደ 320 ቀይሮ መልሶ መጫኑ ነው፤ ፋይሉ ይከብዳል እንጂ የጠፋው አይመለስም። ስፔክ የሚባል ትንሽ ነፃ ፕሮግራም አለ፤ ፋይሉን ስትጥሉበት ድምፁን በሥዕል ያሳያችኋል። ሥዕሉ 16 ሺህ ኸርዝ አካባቢ በቢላ እንደተቆረጠ ቀጥ ብሎ ካለቀ፣ ስሙ ላይ 320 ቢጻፍም መነሻው 128 ነበር ማለት ይቻላል። ከካሴት የተገለበጡ የቆዩ ቅጂዎች ላይ ግን ይህ አይሠራም፤ የካሴቱ ሽሽታ ሥዕሉን እስከ ላይ ሊሞላው ይችላል። በተቻለ መጠን ዘማሪዎቹና ድምፃውያኑ ራሳቸው ከሚለቁበት ቦታ ውሰዱ። የሠሩት ሰዎች የድካማቸውን ዋጋ እንዲያገኙም ይረዳል።

ብሉቱዝ ለበገና አልመርጥም። አንድ ነገር ግን ብዙ ሰው ስለሚጠይቀኝ ልመልስ፦ የብሉቱዝ ሄድፎን ላፕቶፕ ላይ በድንገት እንደ ስልክ ጥሪ የሚታፈነው ማይኩ ሲከፈት ነው። ዙም ወይም ቴሌግራም ማይኩን ከያዘው መሥመሩ ወደ ጥሪ ዓይነት ይቀየራል፣ ድምፁም ሞኖ፣ ማለትም ግራና ቀኙ ያልተለየ አንድ ድምፅ፣ ይሆናል። ማይኩን ከላፕቶፑ እንዲወስድ አድርጉት፤ ይመለሳል።

ላፕቶፑን ከትልቅ ስፒከር ጋር ለምታገናኙ፣ ለሰንበት ትምህርት ቤት መርሐ ግብርም ሆነ ለሰርግ፣ ያ «ኡኡኡ» የሚል የማያቋርጥ ድምፅ ከመጣ መጀመሪያ ቻርጀሩን ንቀሉ። ጠፋ? እንግዲያው ገመዱም ስፒከሩም ደኅና ናቸው። ላፕቶፑና ስፒከሩ ሁለቱም ከግድግዳ መብራት ሲወስዱ፣ ሶኬቱም ምድር (ወደ መሬት የሚወርደው መከላከያ ሽቦ) ያልገባለት ሲሆን ወይም የሁለቱ ምድር ከተለያየ ቦታ ሲመጣ፣ የመብራቱ 50 ኸርዝ በድምፅ ገመዱ በኩል ዞሮ ይመጣል። መርሐ ግብሩ እስኪያልቅ በባትሪ መሥራት ነው፤ ወይም ሁለቱንም ምድር ካለው ከአንድ ማከፋፈያ መውሰድ። ምድሩን ለመቁረጥ ሦስተኛዋን የቻርጀር ጥርስ የሚሰብሩ አይቻለሁ። እባካችሁ አታድርጉት፤ ያቺ ጥርስ የሰው ሕይወት መጠበቂያ ናት።

አዳፕተሯ የማትሆንበትን ላንሳ። አንድሮይድ ስልክ ላይ ስትሰካ በብዙ ስልኮች ድምፅዋ በጣም ዝቅ ይላል፤ ለስልክ ብላችሁ አትግዟት። ካሴት ለመገልበጥም አትሆንም፤ የማይክ መግቢያዋ ሞኖ ነው፣ ከቴፕ ለሚመጣ ስቴሪዮ የታሰበ አይደለም። ለዚያ የግራና የቀኝ መግቢያ ያለው ዕቃ ያስፈልጋል፤ ቤሪንገር ዩሲኤ202 የሚባለው ትንሽ የዩኤስቢ ሣጥን ለዚህ የታወቀ ነው፣ ከቴፑ ቀይና ነጭ ገመድ ይቀበላል። አባቴ ያቆዩአቸው የበገናና የቅኔ ካሴቶች ሳይበላሹ ልገለብጣቸው ስለምፈልግ አሁን እሱን እያፈላለግሁ ነው። ደብረ ብርሃን፣ ደብረ ሲና ወይም ሸዋ ሮቢት ያለው ሰው ካለ ለጥቂት ቀን ቢያውሰኝ ወይም ቢሸጥልኝ፣ የእሱንም ካሴቶች አብሬ እገለብጥለታለሁ።